ቲፑን እናስነሣው የተባለበት ምሽት፦ ከክሩዝ ጉዞ ሥራዬ አንድ ገጠመኝ

ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ በሚገኝ አነስተኛ የጉዞ ወኪል ቢሮ ውስጥ እሠራለሁ። ከደንበኞቻችን የሚበዙት የአዲስ አበባ ትኬት የሚቆርጡ ናቸው፤ ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ግን ከባልቲሞር ወደብ ተነሥተው ባሃማስ ወይም ቤርሙዳ ደርሰው ስለሚመለሱ የመዝናኛ መርከቦች (ክሩዝ) የሚጠይቀን ሐበሻ እየበዛ መጥቷል። ወደቡ ከእኛ ሰፈር በመኪና አንድ ሰዓት ስለማይፈጅ የአውሮፕላን ወጪ የለበትም፤ አያትና የልጅ ልጅ አብረው ይጓዛሉ፤ መኝታው፣ የዋናው ምግብ ቤትና የቡፌው ምግብ፣ የማታው ትርኢትና የልጆች መዋያው በአንድ ዋጋ ይከፈላሉ። ከዚህ ዋጋ ውጭ ከሚቀሩት ወጪዎች መካከል ብዙ ቅያሜ ሲያስነሣ ያየሁት የሠራተኞች ቲፕ (ጉርሻ) ነው። ገንዘቡ ከትኬቱ ጋር ሲነጻጸር ብዙ ሆኖ አይደለም፤ ብዙ ጊዜ ሰው የሚያውቀው መርከቡ ላይ ከወጣ በኋላ በመሆኑ ነው።

በአሜሪካ ገበያ ትልልቅ የሚባሉት የክሩዝ ኩባንያዎች ቲፑን በየቀኑ በእያንዳንዱ መንገደኛ ሂሳብ ላይ ይጨምራሉ። እ.ኤ.አ. በ2023 መጨረሻ ላይ በተራ ክፍል ለሚያርፍ ሰው ካርኒቫል በቀን 16 ዶላር፣ ሮያል ካሪቢያን 18 ዶላር፣ ኖርዌጂያን 20 ዶላር ያስከፍሉ ነበር፤ ስዊት በሚባለው ሰፊ ክፍል የሚያርፍ ከዚህ በላይ ይከፍላል። ሕፃን ካልሆነ በቀር ልጅም እንደ አዋቂ ይቆጠራል። ስለዚህ በቀን 18 ዶላር በሚያስከፍል መርከብ ላይ አራት ሆኖ ለሰባት ሌሊት የሚጓዝ ቤተሰብ 504 ዶላር ለቲፕ ብቻ ይከፍላል ማለት ነው። ይህን አስቀድሞ ያላወቀ አባወራ በሦስተኛው ቀን ስልኩን ከፍቶ ሂሳቡን ሲያይ ቢደነግጥ አይፈረድበትም።

የምነግራችሁ ጉዳይ የደረሰው እ.ኤ.አ. በ2024 በፍልሰታ ጾም ወቅት ነው። ከዲሲ፣ ከሜሪላንድና ከሰሜን ቨርጂኒያ የተሰባሰቡ የአንድ ዕቁብ አባላት ከየወሩ ጥቂት ጥቂት እያስቀሩ ባጠራቀሙት ገንዘብ ቤተሰቦቻቸውን ይዘው ባሃማስ ለመሄድ ተስማሙ። ለቡድን በሚሸጥ ጉዞ አብዛኛውን ጊዜ ለ16 ከፋይ መንገደኛ አንድ ነጻ ቦታ ስለሚሰጥ፣ ያን ቦታ ለእኔ ሰጥተውኝ እንደ አስተባባሪ አብሬ ሄድኩ። ከአባላቱ ገሚሶቹ ትኬታቸውን የገዙት ከእኛ ቢሮ ሲሆን የቀሩት ግን «ከእናንተ በርካሽ አገኘን» ብለው ከሌላ ሻጭ ዘንድ ገዝተው ነበር። እኛ ለቡድን ስንሸጥ ቲፑን አስቀድመን እናስከፍላለን፤ ኩባንያዎቹ በቲፕ ላይ ለወኪል ኮሚሽን ስለማይከፍሉ ከዚህ የምናገኘው ጥቅም የለም። ሌላው ሻጭ የሰጠው ዋጋ ቲፑን የማይጨምር ነበር፤ ይህንንም ለገዢዎቹ አልነገራቸውም።

ጾመኞቹ ጥቂት አልነበሩም። ብዙዎቹ እስከ ዘጠኝ ሰዓት የሚጾሙ በመሆናቸው ቁርስና ምሳው ያልፋቸዋል፤ እራቱ ግን በዋናው ምግብ ቤት በሰዓቱ ይጠብቃቸዋል። እዚያ ያስተናግዱን ከነበሩት ሰዎች መካከል የአስተናጋጆቹን ኃላፊ አልረሳውም። በመጀመሪያው ምሽት ሥጋ፣ ወተት፣ ቅቤና እንቁላል መብላት አለመብላታችንን በዝርዝር ጠየቀን፤ ዓሣ የሚበሉና የማይበሉ መኖራቸውንም ለይቶ ጻፈ። ከዚያ በኋላ ማታ ማታ ከጣፋጩ ቀጥሎ የነገውን የምግብ ዝርዝር ይዞ እየመጣ ከጠረጴዛው ጥግ ጎንበስ ይልና እያንዳንዱን ምግብ በእስክሪብቶው እየነካ «ይህን በዘይት እናሠራዋለን፤ ይህን ያለ ክሬም፤ ለእናትዬዋ ደግሞ ምስሩን ቃሪያ ጨምረን» እያለ ይመዘግባል። ልዩ ምግብ የሚፈልግ ሰው ከአንድ ቀን በፊት ማዘዙ በክሩዝ የተለመደ አሠራር ነው፤ ወጥ ቤቱ በሺህ ለሚቆጠር ሰው አብስሎ የሚያወጣ ስለሆነ በዚያው በእራቱ ሰዓት የሚቀርብ ጥያቄ ብዙ ጊዜ አይሳካም። ዓመት ሙሉ ለሚጾሙ ደንበኞቼ ይህን አዘውትሬ እነግራቸዋለሁ፤ በመጀመሪያው ማታ ኃላፊውን ጠርቶ መንገር ነው፤ ዓይናፋርነት ሳያስፈልግ።

በሦስተኛው ምሽት ከእራት በኋላ ቡፌው አጠገብ ተሰብስበን ቡና ስንጠጣ፣ ከሌላው ሻጭ የገዛ አንድ አባት በስልኩ ላይ ያለውን የመርከቡን አፕ ከፍቶ ለዕቁቡ ዳኛ አሳየ። በቤተሰቡ ላይ እስከዚያ ቀን 216 ዶላር ተመዝግቧል። በተመሳሳይ ክፍል ያረፈችው እህቱ ከእኛ የገዛች ስለነበረች በእርሷ ሂሳብ ላይ እንዲህ ያለ ነገር የለም። ወዲያው ወሬው ጠረጴዛ ለጠረጴዛ ተዳረሰ፤ ግማሹ ሰው መርከቡ አታሎናል አለ፤ ግማሹም ወኪሎቹ ተመሳጥረው ነው አለ። ዳኛው በዕድሜ የገፉ፣ ቃላቸው የሚሰማ ሰው ናቸው። «እንግዲህ ሁላችንም ነገ ጠዋት ወርደን እናስነሣው» አሉ። «ምግቡን ለሚያቀርቡልንና ክፍላችንን ለሚያጸዱልን ልጆች በእጃችን እንሰጣቸዋለን። ለማናውቀው ሰው ለምን እንከፍላለን?»

ሐሳባቸው ክፋት የለበትም፤ በእርግጥም በአብዛኞቹ ኩባንያዎች ዘንድ ማንኛውም መንገደኛ ወደ እንግዶች አገልግሎት ጠረጴዛ ሄዶ ቲፑን ማስቀነስ ወይም ጨርሶ ማስነሣት ይችላል። እንዲያውም ከዋጋው ውጭ የሚቀርበት ምክንያት ይኸው ነው። ካሊፎርኒያ ግዴታ የሆኑ ክፍያዎች ሁሉ በሚተዋወቀው ዋጋ ውስጥ እንዲካተቱ የሚያዝዘውን ሕጓን እ.ኤ.አ. ከጁላይ 1 ቀን 2024 ጀምሮ ሥራ ላይ ስታውል፣ ትልልቆቹ ኩባንያዎች ግብሩንና የወደብ ክፍያውን በመላው አሜሪካ በማስታወቂያቸው ዋጋ ውስጥ አስገቡ፤ ቲፑ ግን ሊነሣ የሚችል በመሆኑ ውጭ ቀረ። ያን ምሽት ለተሰበሰበው ሰው በመጀመሪያ ያስረዳሁት ይህን ነው፤ ማንም በድብቅ የጨመረባቸው ነገር እንደሌለ፣ ከእኛ የገዙትም ያንኑ ገንዘብ ከወራት በፊት እንደከፈሉ፣ የቀሩት ደግሞ አሁን በየቀኑ እየከፈሉት መሆኑን። በርካሽ አገኘን ያሉት ልዩነት ቲፑ ሲደመርበት ከሞላ ጎደል ይጠፋል።

ከዚያ ገንዘቡ ወዴት እንደሚሄድ ነገርኳቸው። በየቀኑ የሚቆረጠው ቲፕ ለምግብ ቤት አስተናጋጆችና ለክፍል ሠራተኞች ብቻ የሚሰጥ አይደለም፤ እንግዳው ለማያያቸው ሠራተኞችም ይከፋፈላል፤ በአንዳንድ ኩባንያዎች ወጥ ቤቱ ሳይቀር ድርሻ አለው። ኩባንያዎቹ ዋና መሥሪያ ቤታቸው በአሜሪካ ይሁን እንጂ መርከቦቹ የተመዘገቡት በአብዛኛው በባሃማስ፣ በፓናማና በመሳሰሉት አገሮች ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1886 የወጣው የአሜሪካ የመንገደኛ መርከቦች ሕግ የውጭ ባንዲራ ያለው መርከብ በአሜሪካ ወደቦች መካከል ብቻ መንገደኛ እንዳያመላልስ ስለሚከለክል ነው ከባልቲሞር የሚነሣው መርከብ ሁሉ የውጭ አገር ወደብ የሚነካው። በባንዲራው የተነሣም የአሜሪካ ዝቅተኛ የደመወዝ ሕግ ሠራተኞቹን አይመለከታቸውም። የሚጠብቃቸው እ.ኤ.አ. በ2006 የወጣውና በ2013 ሥራ ላይ የዋለው ዓለም አቀፍ የባሕር ሠራተኞች ስምምነት ነው፤ እርሱም ቢሆን በሳምንት 72 ሰዓት ማሠራትን ይፈቅዳል። ከፊሊፒንስ፣ ከኢንዶኔዥያ ወይም ከሕንድ የመጣ የክፍል ሠራተኛ ብዙ ወራት በሚፈጅ ኮንትራት የሳምንት ዕረፍት ሳይኖረው ይሠራል፤ ከገቢው ውስጥ ትልቁን ድርሻ የሚይዘውም ይህ እንግዶች የሚከፍሉት ቲፕ ነው።

እኔ ከተናገርኩት ይልቅ ሰዉን ያሳመነው ግን ከዳኛው ፊት ለፊት የተቀመጡት እናት የተናገሩት ነው። እኚህ ሴት ዋሽንግተን ውስጥ ባለ ሆቴል ለረጅም ዓመታት ክፍል ሲያጸዱ የኖሩ ናቸው። «ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና» አሉ፣ «እንግዳ ሲወጣ የሚያመሰግነው በር ላይ ያገኛትን ልጅ ነው። ምድር ቤት ውስጥ በዚያ ሙቀት አንሶላውን የምታጥበውን አያውቃትም። እኔ ከታች ስሠራ ማንም አንድ ዶላር ሰጥቶኝ አያውቅም። ለዚህ ሁሉ ጾመኛ ምስሩን በዘይት ለብቻ የሚሠራውንስ ማን አየው?» ከእርሳቸው ቀጥላ ቨርጂኒያ ውስጥ አስተናጋጅ የሆነች ወጣት ተናገረች። እዚያ ቀጣሪ ለአስተናጋጅ በሰዓት 2.13 ዶላር ብቻ ከፍሎ ቀሪውን ከቲፕ እንዲሞላ ሕጉ ይፈቅድለታል፤ ይህም የፌዴራሉ መጠን እ.ኤ.አ. ከ1991 ጀምሮ አልጨመረም። «ሂሳቡን ከፍሎ ቲፑን ዜሮ ጽፎ የሚሄድ ሰው ምን እንደሚያደርገን ከመካከላችን የማያውቅ አለ?» አለች። ከተሰበሰበው ሰው ብዙው የሚተዳደረው በምግብ ቤት፣ በፓርኪንግ፣ በታክሲና በሆቴል ሥራ ነው፤ ለጥያቄዋ መልስ የሰጠ ሰው አልነበረም።

በማግስቱ ሁለት ቤተሰቦች ሄደው አስነሡ፤ ጠረጴዛው ላይ ያለው ሠራተኛም በአገልግሎቱ ላይ ቅሬታ እንዳላቸው ብቻ ጠይቆ ወዲያውኑ አነሣላቸው። የቀሩት ተዉት። ሁለቱ ቤተሰቦች በፖስታ ያሸጉትን ገንዘብ ለአስተናጋጃቸውና ለክፍል ሠራተኛቸው መስጠታቸውን በዓይኔ አይቻለሁ፤ ቃላቸውን አላጠፉም። ነገር ግን በአንዳንድ ኩባንያዎች ደንብ መሠረት ቲፑን ካስነሣ እንግዳ በእጅ የተቀበለውን ገንዘብ ሠራተኛው ለጋራው ድርሻ እንዲያስረክብ ይገደዳል፤ ስለዚህ ለአንድ ሰው ተለይቶ እንዲደርስ የታሰበው ስጦታ ላይደርሰው ይችላል። አንድን ሠራተኛ ለይቶ ማመስገን የሚሻ ሰው የዕለቱን ቲፕ ሳይነካ በላዩ በእጁ ቢሰጥ፣ ከዚያም ከጉዞው በኋላ በሚላከው መጠይቅ ላይ ስሙን ጠቅሶ ቢጽፍለት ይሻላል፤ ስሙ በመልካም መነሣቱ በሠራተኛው የሥራ ምዘና ላይ ይቆጠርለታልና።

ከዚያ ጉዞ ወዲህ ቢሯችን ቀብድ ከመቀበሉ በፊት ለደንበኛው በአማርኛ የተጻፈ አንድ ገጽ ይሰጣል። የትኬቱ ዋጋ ከነግብሩ፣ ቲፑ በሰውና በቀን ተባዝቶ፣ የመኪና ማቆሚያው፣ ዋይፋይ ለስንት ስልክ እንደሚገዛ፣ ሁሉም በገንዘብ ተሰልቶ ይጻፋል። ቲፑን ቀድሞ መክፈል የሚበጅበት ሌላም ምክንያት አለ፤ በመካከል ኩባንያው ቢጨምር ቀድሞ የከፈለ ሰው ብዙውን ጊዜ በድሮው መጠን ይጓዛል። የመጠጥ ጥቅልን (አስቀድሞ በአንድ ዋጋ የሚገዛ መጠጥን) በተመለከተ ደግሞ ሳልጠየቅ እናገራለሁ፦ እንደ ሮያል ካሪቢያንና ካርኒቫል ባሉ ኩባንያዎች በአንድ ክፍል ካሉት አዋቂዎች አንዱ የአልኮሉን ጥቅል ከገዛ ሌሎቹም እንዲገዙ ይጠየቃሉ፤ ባል ቢራ ስለሚወድ ብቻ ለማትጠጣ ሚስትም ይከፈላል ማለት ነው። በመጠጥ ዋጋ ላይም 18 ወይም 20 በመቶ የአገልግሎት ክፍያ እንደ ኩባንያው ይታከላል። ጾመኛና አልኮል የማይቀምስ ቤተሰብ ይህን ጥቅል አያስፈልገውም፤ ውኃ፣ ሻይና ተራ ቡና በነጻ ያገኛል።

በወረቀቱ ላይ በደማቅ ያጻፍኩት ሌላው ነገር የባንክ ካርድን ይመለከታል። የመርከቡን ሂሳብ በዴቢት ካርድ የከፈተ ሰው ኩባንያው በየጊዜው ከባንኩ ገንዘብ ያስይዝበታል፤ የተያዘውም ከጉዞው በኋላ ለቀናት ሳይለቀቅ ሊቆይ ይችላል። ከቡድኑ አንዱ ወንድማችን በባሃማስ ዋና ከተማ በናሳው ለልጁ ጫማ ሊገዛ ሲል ካርዱ እምቢ ብሎት፣ በሂሳቡ ውስጥ ያለው ገንዘብ ሁሉ ተይዞ አገኘው። የቤት ኪራይ የሚከፈልበትን ካርድ ለመርከብ መስጠት አይገባም፤ ክሬዲት ካርድ የሌለው ሰው በመጀመሪያው ቀን ጥሬ ገንዘብ በሂሳቡ ላይ ያስገባ።

የዕቁቡ ዳኛ በሚቀጥለው ዓመት ለሌላ ጉዞ ሊጠይቁን ወደ ቢሮ መጡ። ወረቀቱን መስመር በመስመር ካነበቡ በኋላ የአንድን ቤተሰብ ቲፕ እስከ ጉዞው ለሚቀሩት ወራት አካፈሉና ከወርኃዊው መዋጮ ጋር ተደምሮ እንዲጣል ወሰኑ። ከሌላ ቦታ መግዛት የሚፈልግ አባልም ሻጩ ዋጋውን በዚሁ ዓይነት ዘርዝሮ በጽሑፍ እንዲሰጠው አስቀድሞ እንዲጠይቅ ለአባላቱ አስታወቁ።