ደመራው ሲነድ

ባሕር ዳር ላይ የመስቀል ደመራ ሲለኮስ ሁሌም ከፊት ነኝ። ፊቴን ይለበልበኛል፣ ግን አልሸሽም። እሳት ያስፈራል፣ ዓይን ግን አይለቅም። ደረቅ እንጨት ወደ 300 ዲግሪ ሲግል ጋዝ ያወጣል። ነበልባሉ በአብዛኛው የዚያ ጋዝ መንደድ ነው። ከእንጨቱ በላይ የሚዘለውም ለዚህ ነው።

ዘጌ ስሄድ ግን ይኸው እሳት ያስጨንቀኛል። የኡራ ኪዳነ ምሕረት ግድግዳ እንጨትና ጭቃ ነው። መቅደሱ ዙሪያውን በሥዕል ተሸፍኗል፤ የብራና መጻሕፍቱም አሉ። አንድ የተረሳ ጧፍ ይበቃል! ደሴት ላይ ያሉት ገዳማትማ የእሳት አደጋ መኪና ከየት ይመጣላቸዋል? ጣና ዙሪያቸውን ሞልቶ ውኃ የሚስብ ፓምፕ ከሌለ ምን ዋጋ አለው? ቅርስ እንወዳለን የምንል ሰዎች ለየገዳሙ ፓምፕና የእሳት ማጥፊያ እናዋጣ።