ጄኔራሉና ገሉ

ቅዳሜ ኦክስፎርድ ሄጄ ፒት ሪቨርስ ሙዚየም ገባሁ። መግቢያው በነፃ ነው። ውስጡ ድንግዝግዝ ያለ ነው። ዕቃው መስታወት ውስጥ ታጭቋል፤ በእጅ የተጻፉ ደቃቃ ወረቀቶች ተለጥፈውበታል። አደራደሩ በአገር ወይም በዘመን አይደለም። ቁልፍ ከቁልፍ፣ ማሰሮ ከማሰሮ ጋር ነው።

ነገሩን የጀመረው አውጉስተስ ፒት ሪቨርስ የሚባል እንግሊዛዊ መኮንን ነው፤ በኋላ ጄኔራል ሆኗል። ክሪሚያ ዘምቷል። ወታደሩን በአዲሱ ጠመንጃ ተኩስ ሲያሰለጥን፣ ጠመንጃ እንዴት ጥቂት በጥቂት እንደተሻሻለ ማጥናት ጀመረ። ከዚያ መሣሪያ ሰበሰበ፤ ከዚያ ያገኘውን ሁሉ። በ1884 እ.ኤ.አ. ከ20 ሺህ በላይ ዕቃ ለዩኒቨርሲቲው ሰጠ።

መጀመሪያ ስሙ ሌን ፎክስ ነበር። በ1880 ከዘመድ ርስት ደረሰው፤ ሩሽሞር የሚባል ትልቅ ቤትና ከ25 ሺህ ኤከር የሚበልጥ መሬት። ውርሱ ግን ስምህን ቀይር የሚል ግዴታ ነበረበት። ቀየረ። (ለዚያ ሁሉ መሬት እኔም የአያቴን ስም እቀይር ነበር፤ እግዜር ይቅር ይበለኝ።) ሌላ ባለርስት ቢሆን ቀበሮ ሲያሳድድ ይኖር ነበር። እሱ መሬቱን መቆፈር ያዘ። ወርቅ ፍለጋ አይደለም። የእንስሳ አጥንት፣ ገል፣ ምንም ሳይንቅ የተገኘበትን ቦታ እየመዘገበ ያስቀምጥ ነበር። ተራ ዕቃ ከብርቁ ይበልጣል ባይ ነበር፤ በብዛት የሚገኘው እሱ ነውና።

መልአክ አልነበረም። ቁጣው ለቤተሰቡም አይመለስም ነበር ይባላል። የእንግሊዝ ጦር በ1897 ዛሬ ናይጄሪያ ውስጥ ካለችው ከቤኒን ከተማ የዘረፈውን ነሐስም ገዝቷል። መቅደላን የምናውቅ ሰዎች ይቺን ዘለን አናልፋትም።

እኔን የያዘኝ ግን ገሉ ነው። እናቴ ጀበና ሲሰበርባት አትጥለውም። ከሆዱ የተረፈውን ገል ፍም ታደርግበትና እጣን ታጨስበታለች። ጥላሸት የጠጣ፣ አንድ ጫፉ የተሸረፈ፣ ባዶውን እንኳ እጣን እጣን የሚል ገል ነበር። ስታርፍ ቤቱን ያጸዳሁት እኔ ነኝ። ነጠላዋን ይዤ ገሉን ከቆሻሻው ጋር ጣልኩት።

ሰውየው ቆፍሮ ሲጨርስ፣ ጉድጓዱን ከመድፈኑ በፊት ስሙ ያለበት ትንሽ ሜዳልያ ከታች ያኖር ነበር። በኋላ የሚቆፍር ሰው፣ ቦታው ቀድሞ የተነካ መሆኑን እንዲያውቅ ነው። የእናቴ ገል ይኸኔ ቆሼ የሆነ ቦታ ነው።