አቃቂ ላይ በ1,800 ብር ካሜራ ያነሳኋቸውና ያጣኋቸው ፎቶዎች

ይሄን የምጽፈው ቀድሞ የነገረኝ ሰው ስላልነበረ ነው። አንድ ሰው "የበር ጥበቃ ፎቶ አጥፋ ካለህ እሱ ያልወደዳትን ብቻ አጥፋ፣ ከዛ ፎቶዎቹ ያሉበትን ካርድ አውጥተህ ኪስህ ክተትና ቤትህ ግባ" ብሎኝ ቢሆን የዛን ቀን ጠዋት ሥራዬ ዛሬ በእጄ ነበር።

ካሜራዋ ካኖን ፓወርሾት ኤ480 ናት። በፈረንጅ 2009 የወጣች፣ 10 ሜጋፒክስል፣ መርካቶ ያገለገለ ዕቃ ከሚሸጥ ልጅ በ1,800 ብር ገዛኋት። ስልኬ ከሷ የተሻለ እንደሚያነሳ አውቃለሁ፣ ግን ስልክ ስይዝ ጥሪውም ቴሌግራሙም አብሮኝ ይወጣል፣ እኔ ደሞ ፎቶ ከማንሳት ሌላ ምንም የማትሠራ ነገር ይዤ ከቃሊቲ እስከ አቃቂ በእግሬ መሄድ ነበር ያማረኝ።

ዝግጅቱን ቶሎ ልለፈው። ባትሪዋ የግድግዳ ሰዓት ላይ የምትገባው ድንጋይ ናት፣ ሁለት ትፈልጋለች፣ ግን የሱቁን ርካሽ ድንጋይ አትግዙ፣ ሰዓት ላይ ዓመት የሚቆየው ድንጋይ እዚህ ዘጠኝ ፎቶ አንስቶ ሞተብኝ። ካሜራ ሌንሱን ሲገፋና ፍላሽ ሲሞላ ብዙ ኃይል በአንዴ ይስባል፣ ርካሹ ድንጋይ ያን አይችልም፣ ቻርጅ የሚደረገውን ግዙ። ካርድ 64 ጊጋ ብከትላት አልቀበልም አለች፣ የሷ ዘመን ካሜራዎች ከ32 ጊጋ በላይ ያለውን አያውቁትም፣ ከጓደኛዬ 4 ጊጋ ተዋስኩ፣ ለአንድ ቀን ከበቂ በላይ ነው። ቀኑን ስትሞሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ሙሉ። እኔ ሳላስብ 2017 ብዬ የኛን ሞላሁ፣ ወሩን ግን ኅዳር ስለነበር በፈረንጁ 11 ብዬ። መዘዙን በኋላ እነግራችኋለሁ።

ቅዳሜ ጠዋት አስራ ሁለት ተኩል ላይ ከሳሪስ ሚኒባስ ይዤ ቃሊቲ ወረድኩ። በ2008 መስከረም ሥራ የጀመረው ቀላል ባቡር በዚህ በኩል የሚያልቀው እዚህ ነው፣ ከዛ ወዲያ ከተማው ሌላ መልክ ይይዛል፣ የፋብሪካ አጥር፣ የከባድ መኪና ጋራዥ፣ ባጃጅ፣ የፈረስ ጋሪ። ፀሐይዋ በቢሾፍቱ አቅጣጫ ዝቅ ብላ ትመጣና የመኪናው አቧራ ብርሃኑን ይዞት ይቆማል። ከአንድ ሰዓት እስከ ሁለት ተኩል ያለው ብርሃን ነው ብርሃን፣ ከአራት ሰዓት በኋላ በዚች ካሜራ ባትደክሙ ይሻላል፣ ብርሃን የሚቀበለው ሴንሰሯ ትንሽ ስለሆነ ሰማዩ ነጭ ይሆናል ጥላው ጥቁር ይሆናል፣ መሀል ላይ ምንም የለም። ነጠላ የለበሱ እናት ጨለም ያለ በር ላይ ቆመው ካገኛችሁ ደሞ ኤክስፖዠሩን፣ ማለትም የብርሃኑን መጠን፣ ወደ ማይነስ ዝቅ አርጉት፣ ካሜራዋ ጨለማውን አይታ ላብራ ስትል ነጠላውን ታቃጥለዋለች፣ ጥለቱ ራሱ ይጠፋል።

ባለጋሪውን ያገኘሁት ያኔ ነው። ጭድ ጭኖ ፈረሱን ውሃ እያጠጣ ነበር። ላንሳህ ወይ ስለው "ለጋዜጣ ነው?" አለኝ፣ አይ ለራሴ ነው አልኩት። "እንግዲያው ለኔም አሳጥበህ ታመጣለህ" አለ፣ ባርኔጣውን አወለቀ፣ የፈረሱን ጋማ በእጁ አበጠረና እጆቹን ወደ ጎን ዘርግቶ ቀጥ አለ፣ ድሮ ፎቶ ቤት እንደሚቆመው። አምስት አነሳሁት። አምስቱም እንደወጡልኝ ስክሪኑ ላይ እያየሁ አውቄያለሁ፣ እሱም አይቶ "ይቺ ትንሽ ነገር ናት?" ብሎ ሳቀ። አመጣልሃለሁ ብዬ ቃል ገባሁ።

ከዛ እስከ አቃቂ ወንዝ፣ በወንዙ ዳር ጎመንና ሰላጣ የሚያጠጡትን፣ ድልድዩ ላይ የተቀመጡትን ልጆች፣ መልሼም ጭዱ እስኪራገፍ ለብቻው ታስሮ የቆመውን ያንኑ ፈረስ አነሳሁ፣ ሦስት ሰዓት ሲሆን 112 ፎቶ ነበረኝ።

አሁን ወደ ነገሩ ልምጣ። ከአንድ ረጅም የቆርቆሮ አጥር ስር ቆሎ የምትሸጥ ሴትዮ አስፈቅጄ አንስቼ ቀና ስል ከግቢው በር ጥበቃው "አንተ! ና እስቲ ወዲህ!" አለኝ። ማንሳት ክልክል ነው የሚል ጽሑፍ የትም አልነበረም፣ ደጋግሜ አይቻለሁ፣ በኋላ ስመለስም አይቻለሁ። "ማን ፈቀደልህ?" አለኝ። "ጋሼ፣ ቆሎ ሻጯን ነው፣ ይኸው ይዩት" ብዬ አሳየሁት፣ እሱ ግን ያየው ሴትዮዋን አይደለም፣ ጥግ ላይ የገባችውን የበሩን ቁራጭ ነው። እዛው በሩ ላይ አንድ ልጅ በስልኩ ራሱን እያነሳ ነበር። "እሱስ?" ብል "የሱ ስልክ ነው፣ ያንተ ካሜራ ነው" አለኝ። እስከዛሬ የሚያናድደኝ ይሄ ነው፣ የልጁ ስልክ ከኔ ካሜራ አስር እጥፍ አጥርቶ ያነሳል፣ እዛው ቆሞም ለዓለም ሁሉ መላክ ይችላል።

አለቃው ተጠርቶ እስኪመጣ አርባ ደቂቃ ፀሐይ ላይ ቆምኩ። መጣ፣ ካሜራዋን ገለባበጣት፣ ማን እንደሆንኩ፣ የት እንደምሠራ፣ ለምን አቃቂ እንደመጣሁ ጠየቀኝ። "ለመራመድ ነው" የሚለው መልስ ጭራሽ አጠራጠረው። በመጨረሻ "ያለውን ሁሉ አጥፋ" አለ። በየትኛው መመሪያ እንደሆነ የነገረኝ የለም፣ እኔም አልጠየቅኩም። በራቸውን መጠበቃቸው ሥራቸው ነው፣ በዛ አልከራከርም፣ ግን ለአንዲት የበር ጥግ ሲባል ባለጋሪውም ወንዙም ልጆቹም ለምን ይጠፋሉ? ያቺን ብቻ ላጥፋ ማለት ነበረብኝ። በትህትና ብለምነው ምናልባት እሺ ይል ነበር፣ ሰውዬው ክፉ አልነበረም፣ መሄድ ነበር የፈለገው። እኔ ግን እጄ እየተንቀጠቀጠ አንድ በአንድ ማጥፋት ጀመርኩ፣ ካሜራዋ በእያንዳንዱ "ይጥፋ ወይ?" ትላለች፣ አለቃው ሰዓቱን ያያል፣ ሲጨንቀኝ ሜኑ ገብቼ ካርዱን በአንዴ ባዶ የሚያደርገውን ፎርማት የሚለውን ተጫንኩት። ባዶ ስክሪን አሳየሁት፣ "ሂድ" አለኝ።

ከዚህ የባሰውን ስህተት የሠራሁት ከዛ በኋላ ነው፣ እሱን ደሞ ማንም አላዘዘኝም። ተናድጄ ባዶ እጄን አልገባም ብዬ ወደ ቱሉ ዲምቱ እየሄድኩ ሌላ 41 ፎቶ አነሳሁ።

ማታ ኮምፒውተር የሚሠራ የአክስቴ ልጅ ጋ ሄድኩ። መጀመሪያ የጠየቀኝ "ከፎርማቱ በኋላ አንስተሃል?" ነው። አዎ ስለው ዝም አለ። ፎርማት ማለት የቤት ቁጥሩን ነቅሎ መጣል ነው አለኝ፣ ቤቱ እዛው ቆሟል፣ ካሜራዋ ግን ባዶ መሬት መስሏት ከመጀመሪያው ቦታ ጀምራ እላዩ ላይ አዲስ ትሠራበታለች። ፎቶሬክ በሚባል ነጻ ፕሮግራም ሌሊቱን ፈለገው። ሎው ሌቭል የሚለው፣ ቤቱንም ጭምር የሚያፈርሰው የፎርማት ምርጫ ላይ ምልክት አለማድረጌ በጀኝ፣ እሱ ቢሆን አንድም አይተርፍም ነበር። ሰባ ያህሉ ተመለሱ። የጠፉት የመጀመሪያዎቹ ናቸው፣ አዲሶቹ 41 በትክክል የወጡት በጠዋቶቹ ላይ ነው። ወንዙ አለ፣ ልጆቹ አሉ፣ ፈረሱ አለ። አምስቱ የባለጋሪው የሉም። በነሱ ፋንታ ያለኝ የቱሉ ዲምቱ መንገድ ነው፣ ነጭ ሰማይና የመኪና ጀርባ።

የተረፉትም ስማቸው ጠፍቶ ቁጥር ብቻ ሆነው ነው የመጡት፣ ፎቶው ውስጥ የሚቀረው ቀኑ ነው፣ እሱን ደሞ እኔ 2017 ብዬዋለሁ። ስልኬ ከሰባት ዓመት በፊት ወስዶ አባቴ በሕይወት እያለ ከተነሳናቸው መሀል በተናቸው። ሁለት ማታ እየለየሁ አመሸሁ፣ የአቃቂ ጎመን፣ አባቴ፣ የአቃቂ ድልድይ፣ አባቴ።

ማኑዋሉ አዲስ ካርድ ስታስገቡ ፎርማት አርጉ ይላል፣ ቤት ውስጥ እሺ፣ መንገድ ላይ ግን ያቺን ሜኑ እንዳትነኳት። በየሰዓቱ ካርድ ቀይሩ፣ የጠዋቱን ሥራ ካሜራ ውስጥ ይዛችሁ በማንም በር አትለፉ። ትንሽ ካሜራ አያስጠረጥርም የሚሏችሁንም አትስሙ፣ ሰው ፊት እውነት ነው፣ ሰው ይስቅላችኋል፣ በር ላይ ግን ካሜራ ካሜራ ነው።

በሦስተኛው ቅዳሜ የፈረሱን ፎቶ ፎቶ ቤት አሳጥቤ ሄድኩ። ባለጋሪው እዛው ቦታ ነበር። ተቀብሎኝ ብዙ አየው፣ ጀርባውንም ገልብጦ አየው።

"እኔስ?" አለኝ።

የሆነውን ነገርኩት። ምንም አላለም፣ ባርኔጣውን አውልቆ ጋሪው ላይ አስቀመጠና እንደያኔው ቀጥ ብሎ ቆመ። ሰዓቱ አምስት ሆኗል፣ ፀሐይዋ አናቱ ላይ ናት፣ ዓይኑ ጥላ ውስጥ ገብቷል። ሦስት አነሳሁና ካርዱን እዛው አውጥቼ ካልሲዬ ውስጥ ከተትኩት።