አፍንጫዋ 9፣ በሯ 6

መኪናዋ ከመዳፌ ያን ያህል አትበልጥም። ፎርድ ጂቲ40 ናት፤ 1 ለ24 ተደርጋ የተቀነሰች፣ ራስህ ገጣጥመህ ራስህ የምትቀባት ፕላስቲክ። ርዝመቷ 17 ሳንቲም ገደማ ነው፤ ከፍታዋ 4 ሳንቲም ከምናምን። ለዚህች ስል የአራት ወር ቅዳሜና እሁዴን ገብሬያለሁ።

እሷን የመረጥኩት በታሪኳ ነው። የእውነተኛዋ ሻሲ ቁጥር 1075 ነው። በፈረንጆቹ 1968 ፔድሮ ሮድሪጌዝና ሉሲየን ቢያንኪ፣ ቁጥር 9 ተለጥፎባት ፈረንሳይ፣ ለ ማን ከተማ የሚካሄደውን የ24 ሰዓት የመኪና ውድድር አሸነፉባት። በዓመቱ ይህችው መኪና ቁጥር 6 ሆና ተመለሰች፤ ጃኪ ኢክስና ጃኪ ኦሊቨር ድሉን ደገሙት። ያኔ ሾፌሮቹ መንገዱን በሩጫ አቋርጠው መኪና ውስጥ ዘለው ይገቡ ነበር። ኢክስ ይሄ አደገኛ ነው ብሎ ስለሚያምን ዘና ብሎ ተራመደ፣ ቀበቶውን በሥርዓቱ አሰረ፣ ከሁሉም በኋላ ተነሣ። ከ24 ሰዓት በኋላ ፖርሽ 908ን የቀደመው በ120 ሜትር ገደማ ብቻ ነው።

ካርቶኑን ያመጣችልኝ ዋሽንግተን ያለችው እህቴ ናት። በስልክ «ይሄ መጫወቻ ለማን ነው?» አለችኝ። «አዎ፣ የለ ማን ነው» አልኳት። እስካሁን አልተግባባንም። ከመኪናዋ ጋር የገዛችው የሚረጭ ቀለም ግን ኤርፖርት ቀረ። ተቀጣጣይ ስለሆነ አውሮፕላን ላይ አይፈቀድም፤ ቀድሜ መጠየቅ ነበረብኝ።

ስለዚህ ሰፈራችን ያለ ጋራዥ ወሰድኳት። ቀለም ቀቢው አገላብጦ አያትና «ታርጋዋስ?» ብሎ ሳቀብኝ። ቀለም ማዋሃድ ላይ ግን አንደኛ ነው። ስልኬ ላይ ያለውን ፎቶ እያየ ያንን ፈዛዛ ሰማያዊ ቁጭ አደረገው። ከዚያ ልክ እንደ ሚኒባስ በር አድርጎ ለቀቀባት። የመኪና ቀለም የሚቀጥንበት ቲነር ቆርቆሮ ምንም አያደርግም፤ ይሄን ፕላስቲክ ግን ይበላዋል። ዓይናችን እያየ ጣሪያዋ እንደ ወተት ስልባቦት ተጨማደደ። ሁለታችንም ዝም አልን።

ጥፋቱ የኔ ነው። ክፍሎቹ ተያይዘው የሚመጡበት ትርፍ የፕላስቲክ ፍሬም አለ፤ መጀመሪያ እሱ ላይ አንድ ጊዜ ብናስነጥስ ኖሮ ይታወቅ ነበር። ሦስት ቅዳሜ ውሃ በነካ ብርጭቆ ወረቀት ፈተግኩ። ጎድጓዳውን በስቱኮ ሞላሁ። የጠፋውን የበር መስመር በመርፌ ጫፍ መልሼ ቦረቦርኩ፤ የግራው በር አሁንም ትንሽ ይወላገዳል። ሁለተኛው ዙር ላይ ለፕላስቲክ የሚሆን ፕራይመር፣ ማለትም ቀለሙን የሚያስይዝ የመጀመሪያ ቅብ፣ አስቀደምን። ቀለሙንም ከሩቅ፣ እንደ ጉም በስሱ እየረጨን፣ እያደረቅን አምስት ጊዜ ደጋገምን። ወፍራም ቀለም ጉዳቱ ማስጠላቱ ብቻ አይደለም፤ በዚህ መጠን ላይ ትንንሹን መስመር ሁሉ ይደፍነዋል።

ከዚያ ተለጣፊዎቹ መጡ። ለብ ያለ ውሃ ውስጥ ግማሽ ደቂቃ ታቆያቸዋለህ፣ ከወረቀቱ ላይ በጣትህ ታንሸራትታቸዋለህ፣ ውሃውን በጥጥ ትመጥጣለህ። ከመሀል የምታልፈውን ብርቱካናማ መስመር ሳለጥፍ ትንፋሼን ውጬ ነበር። እሷ ቀጥ አለች። ከደስታዬ ብዛት የቁጥር 6 ተለጣፊዎቹን በአንድ ማታ ለጣጥፌ፣ በነጋታው የሚያብለጨልጨውን ቫርኒሽ ደረብኩበት።

ልጄ ከፊት ለፊት ጎንበስ ብላ አየቻት። «አባዬ፣ ከፊት 9 ናት፣ ከጎን 6 ናት።»

አፍንጫዋ ላይ ያለው ቁጥር ከፊት ለሚመጣ ሰው ነው የሚነበበው። እኔ ግን ጭራዋን ወደ ራሴ አዙሬ ስለነበር ለራሴ እንዲነበብ አድርጌ ለጠፍኩት። ቫርኒሽ ስር ስለገባ አይላጥም። ከዚያ ወዲህ ቫርኒሽ ከመድረቤ በፊት ከአራቱም ጎን በስልኬ አነሣና አንድ ሌሊት አሳድራለሁ። የሚገርመው፣ ቀኑን ሙሉ አፍጥጬባት ያላየሁት ስህተት ፎቶ ላይ ወዲያው ነው የሚታየው።

ቀለም ቀቢው እንደገና እንድንጀምር ፈልጎ ነበር። እኔ እንቢ አልኩ። አንዲቱ መኪና በሁለቱም ቁጥር አሸንፋ የለ?

ባለፈው እሁድ ከልጄ ጋር ሒሳቡን ሠራነው። 120 ሜትር ለ24 ሲካፈል 5 ሜትር ነው፤ ልክ የኮሪደራችን ርዝመት። ፎርዷን በሩ ጋ አቆምናት። ከወዲያኛው ጫፍ የጫማ ቀለም ቆርቆሮ አለ፤ ፖርሹ እስኪገኝ።