የሳን ሚጌል ደጃፎች

በማዕከላዊ ሜክሲኮ ደጋ፣ ከባሕር ወለል በላይ 1,900 ሜትር ገደማ ላይ የምትገኘው ሳን ሚጌል ደ አዬንዴ በእግር ለሚዞራት እንግዳ በመጀመሪያ የምታሳየው ግድግዳ ነው። ቤቶቹ ጎን ለጎን ተያይዘው፣ በብርቱካንማ፣ በቢጫና በጡብ ቀለም ተቀብተው፣ ፊታቸውን ወደ ውስጥ ስላዞሩ፣ አበባውም ጥላውም ፏፏቴውም በግቢው ውስጥ ተሰውሮ ይቀራል። ስለ ባለቤቱ ለመንገደኛ የሚናገረው በሩ ብቻ ነው።

የድሮዎቹ በሮች ባለ ሁለት መዝጊያ፣ በብረት ጉጦች የተጠናከሩና ከሰው ቁመት እጅግ የረዘሙ ናቸው፤ በአንደኛው መዝጊያ ላይ ደግሞ ለእግረኛ የምትበቃ ትንሽ በር ተቆርጣለች። ትልቁ ይከፈት የነበረው ለሠረገላና ለጭነት ከብት ነው፤ ከተማዋ በሰሜን ካለችው የማዕድን ከተማ ከሳካቴካስ የሚወጣው የብር ማዕድን ወደ ሜክሲኮ ሲቲ በሚጓዝበት መንገድ ላይ በመሆኗ ሀብቷ የገባው በበቅሎ ጀርባ ነበርና። ከበሩ ቀጥሎ ግቢው ድረስ የሚዘልቀውን ባለ ጣሪያ መተላለፊያ ሳጉዋን ይሉታል።

በአደባባዩ ጥግ ያለው የደ ላ ካናል ቤተሰብ መኖሪያ በር ይህን ሀብት በተጠረበ ድንጋይና በተቀረጸ እንጨት ያውጃል። በአቅራቢያው ያለው የኢግናሲዮ አዬንዴ የትውልድ ቤት ግን ክብሩን የሚናገረው በቃላት ነው። እ.ኤ.አ. በ1769 ተወልዶ በ1810 በስፔን አገዛዝ ላይ የተነሣውን ይህን ጀግና በማሰብ ከበሩ በላይ «በዚህ ተወለደ፣ በሁሉም ስፍራ ታወቀ» የሚል የላቲን ጽሑፍ ተቀርጿል፤ ከተማዋም ከ1826 ጀምሮ በስሙ ትጠራለች።

ሆኖም ሳን ሚጌልን በቅርጻ ቅርጽ ብቻ መመዘን ተገቢ አይመስለኝም። ከስቅለት ዓርብ አንድ ሳምንት ቀድሞ የሚውለው ዓርብ የኀዘንተኛዋ እመቤታችን መታሰቢያ ሲሆን፣ በዚያች ምሽት ብዙ ቤተሰቦች በራቸውን ወለል አድርገው ከፍተው በሳጉዋናቸው ወይም በመስኮታቸው መሠዊያ ያዘጋጃሉ። ሥዕሏ በሐምራዊ ጨርቅ ይከበባል፤ ኮምጣጣ ብርቱካን ምሬቷን፣ አዲስ የበቀለ የስንዴ ቡቃያ የሚመጣውን ትንሣኤ ያመለክታሉ፤ መዓዛው የሚያውድ የካሞሚል አበባም እንደ በዓል ቄጠማ ይጐዘጐዛል። መንገደኛው «እመቤታችን አለቀሰች?» ብሎ ይጠይቃል፤ የቤቱ ሰውም አዎን ብሎ የእንባዋ ምሳሌ የሆነ ቀዝቃዛ መጠጥ ይሰጠዋል። ከመሀል ከተማው ራቅ ባለ ዳገታማ ሰፈር፣ ተራ የብረት በር ባለው ቤት፣ አንዲት አሮጊት «ግባ ልጄ» ብለው የካርካዴ መጠጥ ሰጡኝ። በተቀረጹት በሮች ፊት በአድናቆት ቆሜ ነበር፤ የከተማዋ ሰው እንግዳ መሆኔን ግን የተሰማኝ በዚህኛው ደጃፍ ነው።

በመሀል ከተማ ያሉ አንዳንድ ግርማ ያላቸው በሮች በዚያ ምሽት እንደ ተዘጉ አመሹ፤ ለቱሪስት የሚከራዩ በመሆናቸው ከጎናቸው የተንጠለጠለው ባለ ቁጥር የቁልፍ ሳጥን ብቻ ነበር። ይህ ያሳስበኛል፤ ዩኔስኮ ከተማዋን እ.ኤ.አ. በ2008 በዓለም ቅርስነት መመዝገቡ ለድንጋዩና ለእንጨቱ ጥበቃ ይረዳል፤ መሠዊያውን የሚያቆመው ግን በቤቱ የሚኖር ሰው ነው። ከውጭ አገር መጥተው የሰፈሩ አንድ ባልና ሚስት ጎረቤቶቻቸው እያሳዩዋቸው የራሳቸውን መሠዊያ አቁመው አገኘኋቸው፤ ጥያቄውን ሳቀርብላቸውም ሚስትየዋ በስፓኝኛ «አዎን፣ አለቀሰች» ብለው ብርጭቆውን ሞሉልኝ።