ባቡር ጅማ ገባ!

ቅዳሜን ባቡር ሳይ ዋልኩ። አዎ፣ እዚሁ ሀዲድ የሌለበት ጅማ! የሰፈር ልጆች ባዘጋጁት የሞዴል ባቡር ትርኢት ላይ የእህቴን ልጅ ይዤ ሄጄ ነበር። ፉርጎው ካርቶን፣ ጎማው የሸሚዝ ቁልፍ፣ ሞተሩ ከተበላሸ መጫወቻ የተነቀለ።

"ጋሼ፣ ልኩ 1 ለ 87 ነው" አለኝ አንዱ። የአዲሱ የጅቡቲ መስመር ሀዲድ ስፋት 1,435 ሚሊሜትር ነው፤ ጠረጴዛው ላይ 87 ጊዜ አንሶ 16.5 ሚሊሜትር ሆኗል። እ.ኤ.አ. በ1917 አዲስ አበባ የደረሰው አሮጌው ግን 1 ሜትር ብቻ ነበር። (ለገሃር የሚለውን ስም ያወረሰን እሱ አይደል?)

ባቡሩ ኩርባው ላይ ሦስቴ ተገለበጠ። ልጁ በጣቱ እያነሳ "መስመሩ ጥገና ላይ ነው" ሲል በሳቅ ሞትን።

የእህቴ ልጅ ግን አልሳቀም። ከኪሱ ሁለት ፍሬ ቡና አውጥቶ ፉርጎው ላይ ጫነና "ወደ ጅቡቲ" አለ።