የሳይክል ቦርሳ ስትለኩ የኮርቻውን እጀታ ክፈቱት

ድሬ ላይ ሳይክል የሚነዳ ሰው ጀርባው ላይ ቦርሳ አዝሎ ሩቅ አይሄድም። ሙቀቱ አያስችልም። ከሳቢያን ተነስታችሁ ከዚራ እስክትደርሱ ሸሚዛችሁ ጀርባችሁ ላይ ተለጥፎ ያልቃል። የእኔ ሳይክል ደግሞ የኋላ መጫኛ የለውም። ስለዚህ በፍሬሙ መሃል ያለችውን ባለ ሦስት ማዕዘን ክፍት ቦታ የሚሞላ ቦርሳ መስራት ብዙ ጊዜ ሳስበው የቆየሁት ነገር ነው። እዚያ የሚገባ ዕቃ ክብደቱ መሃል ላይና ዝቅ ብሎ ስለሚያርፍ ሳይክሉ አይንገዳገድም። ፖምፓ፣ አንድ ትርፍ ካላማዳሪ፣ መፍቻ፣ ውሃና ዳቦ ከያዘልኝ ሌላ ምንም አልፈልግም።

ከታይዋን ገበያ የጭነት መኪና ሸራ ቁራጭ፣ ዚፕና የቦርሳ ማንገቻ ገዛሁ። ካርቶን ፍሬሙ ላይ አስደግፌ በእርሳስ ዙሪያውን አሰመርኩ፣ ቆረጥኩ፣ እዚሁ ሰፈር አሰፋሁት። ልክክ ብሎ ገባ። አንዲት ጣት እንኳን ክፍተት የለውም። በጣም ደስ ብሎኝ ነበር።

በዚያው ሳምንት ወደ ሐረር ወጣሁበት። መንገዱን የሚያውቅ ያውቀዋል። ድሬ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ነው ያለችው፣ ደንገጎ ላይ ለመድረስ ጠመዝማዛውን ዳገት ጥርስ ነክሶ መግፋት ነው። ግማሽ ሳልሄድ ጉልበቴ መቆርጠም ጀመረ። ድካም መስሎኝ ታገስኩ። ኋላ ቆሜ ሳይ ኮርቻው ወርዷል። ሦስት ሴንቲሜትር ያህል። ወደ ላይ ስቤ አጠበቅኩት፣ ትንሽ ቆይቶ እንደገና ወረደ።

ምክንያቱ ቦርሳው ነበር። ነገሩን ላስረዳ። ኮርቻውን የሚሸከመው ዘንግ ከፍሬሙ ቱቦ ውስጥ ይገባል፣ ቱቦው አንገት ላይ ቀለበት አለ፣ ቀለበቱን የሚያጠብቀው ደግሞ ብሎን ነው። የብዙዎቹ የተራራ ሳይክሎች ብሎን ጫፉ ላይ የሚታጠፍ እጀታ አለው፣ ያለ መፍቻ በእጅ የሚከፈትና የሚዘጋ። የእኔ እጀታ ሲዘጋ ቀለበቱን አቅፎ ወደ ፊት ይመጣና ልክ የቦርሳው የላይኛው የኋላ ጥግ ላይ ያርፋል። እኔ ካርቶኑን የለካሁት እጀታው ተዘግቶ ነው። ስከፍተውና ስዘጋው የሸራው ጠርዝ ከስሩ ይገባል። የታጠፈ ሸራ ሁለት ሚሊሜትር ብትሆን ነው፣ ግን እጀታው መጨረሻው ድረስ እንዳይዘጋ ትበቃለች። ሲታይ የተዘጋ ይመስላል። ቀለበቱ ግን ዘንጉን ጨምቆ አልያዘውም።

ሁለተኛም ስህተት ነበረበት። የኋለኛውን የላይ ማሰሪያ ያሰርኩት ከቀለበቱ በላይ፣ ዘንጉ ላይ ነው። ኮርቻው በተነካ ቁጥር ቦርሳው አብሮ ይሳባል፣ ቦርሳው ሲከብድ ደግሞ ዘንጉን ወደ ታች ይጎትታል።

እንደምንም ሐረር ደረስኩና ሳይክሉን እየገፋሁ ከፈረስ መጋላ ወደ መኪና ግርግር ወረድኩ። ለማታውቁት፣ መኪና ግርግር ጀጎል ውስጥ ልብስ ሰፊዎች ግራና ቀኝ ተደርድረው የሚሰሩበት ጠባብ መንገድ ነው፣ ስሙንም ያገኘው ከስፌት መኪናዎቹ ድምፅ ነው። አንድ ሸምገል ያሉ ሰፊ ጋ ቆምኩና አሳየኋቸው። መነጽራቸውን አድርገው እጀታውን ነካ ነካ አደረጉት።

"ይሄ ይከፈታል?"

"አዎ ጋሼ፣ ኮርቻውን ዝቅና ከፍ ለማድረግ ነው።"

"አቦ ታዲያ ተዘግቶ ምን ይለካል? ኪስ ስሰፋልህ የምለካው እጅህን ነው እንጂ ሳንቲምህን ነው እንዴ?"

ይህን ብለው እጀታውን ሙሉ በሙሉ ከፈቱት፣ ጥጉ ላይ ቦርሳውን ወደ ውስጥ አጠፉና እጀታውን ቀስ እያሉ ወዲያና ወዲህ አዞሩት። በሄደበት ሁሉ በጠመኔ አሰመሩ። ከመስመሩም አንድ ጣት ጨምረው ወደ ውስጥ ገቡ፣ ጣት ከእጀታው ስር ገብቶ ማንሳት ስላለበት። የተቆረጠው ከላይኛው ጎን 7 ሴንቲሜትር፣ ከኋለኛው ጎን 5 ሴንቲሜትር ነው። ብዙ ቦታ የሚሄድ መስሎኝ ሰስቼ ነበር። ቦርሳው ወርዱ 6 ሴንቲሜትር ስለሆነ ሲሰላ የጎደለው ሁለት ሲኒ ቡና እንኳን አይሞላም።

አንዳንዱ ሰው ጥጉን ከመቁረጥ እጀታውን ወደ ኋላ ያዞረዋል። ይሆናል፣ ግን የእኔ ዓይነቱ ቅስት እጀታ ወደ ኋላ ሲዘጋ ወጣ ብሎ ይቀርና ጭን ይፍቃል። እኔ አልወደድኩትም።

ሰፊው ያደረጉትን አንድ ነገር እኔ ብቻዬን ብሆን አላስበውም ነበር። ሸራ በሰያፍ ሲቆረጥ ይለጠጣል፣ ቀስ በቀስም ጠርዙ ይላላል። ስለዚህ ሰያፉን ጠርዝ በማንገቻ ሸፍነው ሁለት ጊዜ ሰፉበት። ክሩ ፖሊስተር ነው፣ የጥጥ ክር ለእኛ ፀሐይ አይሆንም። መርፌው 18 ቁጥር። ስፌቱንም ሆን ብለው ራቅ ራቅ አደረጉት፣ ከ3 እስከ 4 ሚሊሜትር፣ ሲጠጋጋ ሸራውን እየበሳ ያደክመዋል አሉኝ።

ማሰሪያዎቹን በሙሉ ቦታ ቀየርኩ። ዘንጉ ላይ አሁን ምንም የለም። የኋላው ማሰሪያ ከቀለበቱ በታች፣ የቱቦው መሃል ላይ ነው ያለው። የላይኞቹ ሁለቱ ላይ መጠንቀቅ ያለባችሁ የፍሬን ሽቦውን ነው። ሽቦው ባዶውን በላይኛው ቱቦ ላይ የሚያልፍ ከሆነ ማሰሪያውን ከሽቦው ስር አሳልፉት። በላዩ ካሰራችሁትና ከጫነው ፍሬኑ ተይዞ አይለቅም፣ ወይ ሲፈለግ በደንብ አይዝም፣ የደንገጎን ቁልቁለት ደግሞ በእንዲህ ያለ ፍሬን መውረድ አይታሰብም። ዚፑን አቧራ ስለሚይዘው አልፎ አልፎ ሻማ እቀባዋለሁ።

ቦርሳው ሲገባ እጀታውን አስተካከልኩ። ከሌላኛው ወገን ያለውን ዳዶ ትንሽ ትንሽ እያጠበቃችሁ እጀታውን ዝጉት። ግማሽ ላይ ሲደርስ መክበድ ከጀመረ፣ ሲዘጋም መዳፍ ላይ ምልክት ከተወ ልክ ነው። እንደ ላባ ከተዘጋ ላልቷል። ዘንጉ ላይ የተቀረጸችውን የመጨረሻ መስመርም እዩ፣ ከቱቦው ውስጥ መቅረት አለባት። ከወጣች ዘንጉ አጭር ገብቷል ማለት ነው፣ ፍሬሙን ሊሰነጥቀው ይችላል።

ከመመለሴ በፊት ቀለበቱ ጫፍ ላይ፣ ዘንጉ ዙሪያ ነጭ ፕላስተር ለጠፍኩ። በአወዳይ፣ በሐረማያ፣ በአዴሌ አድርጌ ደንገጎ ስደርስ አየሁት፣ ቁልቁለቱን ወርጄ ድሬ ስገባም አየሁት። ፕላስተሩ ከቀለበቱ ጋር እንደተነካካ ነው። ጉልበቴም ዝም አለ።

እጀታ የሌላቸው፣ ብሎንና ዳዶ ብቻ ያላቸው የድሮ ሳይክሎች አሉ። በእነሱ ላይ ብሎኑ ብዙ ጊዜ ከቱቦው ኋላ ስለሚሆን ጥጉን መቁረጥ ላያስፈልጋችሁ ይችላል። ቢሆንም ካርቶኑን አስገብታችሁ መፍቻውን አንዴ አዙሩት። የሚነካ ከሆነ ሸራው ሳይቆረጥ ታውቁታላችሁ።